የበቆሎ ጠመንጃ

ዝንጀሮ ሴት አይፈራም። ይህን ሚዛን ተፈሪ አካባቢ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ከልቤ ያወቅኩት ባሌ ከሞተ በኋላ ነው። እሱ በሕይወት ሳለ ወንጭፍ ይዞ ከማሳው ዳር ብቅ ሲል መንጋው እየተንጫጫ ወደ ገደሉ ይሮጥ ነበር። እኔ ስወጣ ግን ቀና ብለው ያዩኝና መልሰው ያጎነብሳሉ። ድንጋይ ብወረውር፣ ብጮህ፣ ቆርቆሮ ብቀጠቅጥ፣ ወይ ፍንክች! አንዱማ፣ ትከሻው ላይ ጎፈር የደረበው አውራ፣ እሸቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ሽፋኑን እየገፈፈ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ በላ። የገዛ በቆሎዬን! ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ያፍራል።

የባሌን ካፖርትና ባርኔጣ ለብሼም ወጣሁ። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ባል የሞተባት ሁሉ ትሞክረዋለች። ለትንሽ ጊዜ ሠራልኝ። ኋላ ግን አንድ ቀን ጭቃው አንሸራትቶኝ ስወድቅ "እማዬ!" ብዬ ጮህኩ፤ አለቀ። ድምፄን ሲሰሙ ከሸሹበት ተመለሱ። አውራው ባርኔጣዬን አይቶ አዛጋ። እውነቴን ነው፣ አፉን በልቅጦ አዛጋብኝ።

ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና አማቴ ብቻ ነበርን። አማቴ የባሌ አባት ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ከመንዝ መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ ሚስታቸውንም አንድ ልጃቸውንም እዚሁ የቀበሩ ሰው ናቸው። ቡናችን ከላይ በጥላው ዛፍ ሥር ነው፤ በቆሎው ደግሞ ገደሉ ግርጌ። ቡናው እስኪለቀም ድረስ የሁለታችንን ጉሮሮ የሚይዘው ያ በቆሎ ነው። እሱን ደግሞ ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝንጀሮ በላው። ሦስተኛውን ከበላው መሬቱን ለእኩል አራሽ ከመስጠት በቀር መላ አልነበረኝም። ለእኩል የሰጠች ባል የሌላት ሴት መሬቷን መልሳ ስትረከብ ደግሞ እኔ አላየሁም። ስለዚህ ጠመንጃ ልገዛ ቆረጥኩ።

"ጎረቤት የለሽም ወይ?" የሚል አይጠፋም። አለኝ እንጂ! ከአጥሬ ቀጥሎ የሚኖረው የቤንች ሰው የቀበሌው ሚሊሻ ነው፤ ጠመንጃ አለው፤ ልቡም ደግ ነው። ስጠራው ይመጣል። መጥቶ ምን ያደርጋል? አንድ ጥይት ወደ ሰማይ! ዝንጀሮዎቹ ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ፤ እሱ ቤቱ ሳይደርስ ይመለሳሉ።

"ምነው ወንድሜ፣ ወደነሱ ብትተኩስስ?" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! ለዝንጀሮ ጥይት ይባክናል?" አለኝ ተገርሞ።

ሰማችሁ? ለሰርግ አይባክንም፣ ለለቅሶ አይባክንም፣ ለጥምቀት አይባክንም። ደመናውን ሲበሳሱት ይውላሉ፤ በቆሎዬን ለሚበላው ግን ይባክናል። እንዲያው እኔ እኮ አንዳንድ ቀን የወንዶቻችንን ነገር ሳስበው ራሴን ያመኛል።

ለማንኛውም የራሱን ጠመንጃ እስቲ ሞክሪው ብሎ ሰጠኝ። ክብደቱ የውሃ እንስራ ነው። ቃታውን ስስበው ሰደፉ ትከሻዬን ደልቆ በቂጤ ጭቃው ላይ አስቀመጠኝ፤ ጥይቱ የት እንደ ሄደ እሱም እኔም አናውቅም። አባባ ከደጃፍ ሆነው በሳቅ ፍርስ አሉ። ክንዴ ጠቁሮ ሰነበተ። የዚያን ዕለት ነው የምፈልገውን በደንብ የለየሁት፤ ትንሽ ጥይት የምትጎርስ፣ ቀላል፣ ማማ ላይ የማወጣት፣ የማትደልቀኝ፣ ያየሁትን የምትመታ ጠመንጃ። "መጀመሪያ የመቀመጫዬን" አለች አሉ ዝንጀሮ፤ እኔም መጀመሪያ የበቆሎዬን አልኩ።

ይህን ስናገር አባባ ከመደባቸው ቀና አሉ። ሁለት ዓመት ዝንጀሮ ሲበላን አንድ ቃል ያልወጣቸው ሰውዬ!

"ጠመንጃ መግዛቱን ጥሩ አስበሻል ልጄ" አሉ። "ግን ድምፅ ያለው ይሁን።"

"ድምፁ ምን ያደርግልኛል አባባ?"

"ለእኔ ነዋ! ስሞት ማን ሊተኩስልኝ ነው?"

ነገሩ ይኸውላችሁ። በእሳቸው አገር ወንድ ሲሞት ጥይት ይተኮሳል፤ የሚተኩሰውም ልጅ ነው። እዚህ ከመጡ ሃምሳ ዓመት ቢያልፋቸውም ይህችን ወግ አልጣሏትም። ልጃቸው ግን ቀደማቸው። ለሱ ቀብር ጎረቤት ለምነው አስተኮሱለት። ቤተክርስቲያኑ ከገደሉ ትይዩ ነው፤ ተኩሱ ገደሉን መትቶ ሲመለስ አገሩ ሁሉ የጮኸ ይመስል ነበር። አባባ ያን ድምፅ አልረሱትም። "እሱ ለእኔ ሊተኩስ ነበር፣ ተገለበጠ" ይላሉ። "እንግዲህ አንቺ ነሽ ያለሽኝ። ስሞት ገደሉ ይጩህልኝ፤ ሌላ ምንም አልልሽም።"

እኔ በዚያ ቀብር ላይ በእንባዬ መሃል ቀና ብዬ ያየሁት ሌላ ነው። መንጋው ገደሉ ጫፍ ላይ ተሰልፎ፣ ቅማሉን እየተለቃቀመ፣ ቁልቁል ያየን ነበር። ከዚያ ሁሉ ተኩስ አንዱም ንቅንቅ አላለም። ለምን ብሎ? የእኛ ወንዶች የሚተኩሱት ወደ ሰማይ መሆኑን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል። ባሌን ስቀብር እንኳ ዝንጀሮ ተመልካች ነበረኝ፤ እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለአባባ ግን እንዲህ አልኳቸው፤ "እርስዎ ገና አይሞቱም፤ በቆሎው ግን ዘንድሮ ያልቃል።" ተኮሳተሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሳቸውም አልለቀቁም።

ፈቃድ ለማውጣት ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው "በማን ስም ነው የሚመዘገበው?" አለኝ። "በእኔ" አልኩት።

"ቤት ውስጥ ወንድ የለም?"

"አለ፤ በምርኩዝ የሚሄዱ አማቴ።"

"እንግዲያው በሳቸው ስም ይሁን።"

"ዝንጀሮውን የሚያባርሩትስ እሳቸው ናቸው?"

ነገ ነይ፣ ከሰዓት ነይ፣ ሽማግሌ አምጪ። ዝናብ እየደበደበኝ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ሚሊሻው ጎረቤቴ ቆሞ መሰከረልኝና በእኔ ስም ተጻፈ። ሰውየው ወረቀቱን ሲሰጠኝ "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" ብሎ ተረተብኝ። አፌ ላይ የመጣውን ብመልስለት ኖሮ ወረቀቱን ይነጥቀኝ ነበር፤ ዋጥኩት።

ከዚያ መምረጡ መጣ። ጠመንጃ ግዢ ደግሞ በእኛ ሰፈር የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ እንደ ሽምግልና ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚኬደው። አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ሚሊሻው ተነሣ። የሰፈሩ ዕድር ዳኛም ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ። ሦስት ወንድ ከፊት፣ ገዢዋ ከኋላ! ሰው ሲያየን እኔን ሊድሩኝ የሚሄዱ ይመስለው ነበር።

መጀመሪያ እዚያው ሚዛን አንድ ቤት ገባን። የወጣልን ጠመንጃ ከእኔ ቁመት እምብዛም አያንስም። አባባ ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ሰደፉን እንደ ሕፃን ራስ ዳበሱት። የዕድሩ ዳኛ ተቀብለው አነገቱት፣ አወረዱት፣ አፈሙዙን በአንድ ዓይን አዩት፤ ከዚያ ወደ ደጅ ወጥተው ባለቤቱን አስፈቅደው ተኮሱ። የአካባቢው ውሻ ሁሉ ተንጫጫ።

"ሰማሽ? ይሄ ነው ጠመንጃ!" አሉ አባባ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

"ምኑን መቱ?" ብዬ ዳኛውን ጠየቅኳቸው።

"ምኑን?"

"እኮ ምኑን መቱ? ኢላማው የታለ?"

እርስ በርስ ተያዩ። ወደ ላይ ነው የተኮሱት። ጠመንጃ ሊመርጡ መጥተው ጠመንጃው የሚመታ መሆን አለመሆኑን ማንም ሊያይ አላሰበም፤ መጮኹን ብቻ! "ዝንጀሮው ሰማይ ላይ ነው እንዴ የሚኖረው?" ብዬ ወጣሁ። አባባ ከኋላዬ "ኧረ አንቺ ሴትዮ ተመለሽ፣ ኧረ ሰው ፊት አታዋርጂኝ" እያሉ ተከተሉኝ።

ሁለተኛው ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ነበር። ሦስቱም ወንዶች ዙሪያውን ተቀምጠው ሽቦው ጥብቅ ነው፣ አይደለም እያሉ ሲከራከሩ አረፈዱ። "ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል" ብዬ ትቻቸው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ድምፁ ግን፣ አባባ እንዳሉት፣ "የደህና ነበር"።

ትንሿን ያገኘኋት ቴፒ ነው። አርጅቶ ወደ ልጆቹ ዘንድ ሊሄድ የተነሣ የቡና ነጋዴ አለ፤ ወፍና ጦጣ የሚያባርርባት ጠመንጃ አለችው ብለው ነገሩኝ። ሦስቱ አጃቢዎቼ ያን ሁሉ መንገድ በአይሱዙ ላይ እየተንገጫገጩ ጠመንጃ ማለት ምን እንደሆነ ሲያስተምሩኝ ሄዱ። ከሦስቱ አንዱም በቆሎ ጠብቆ አያውቅም።

ነጋዴው በጨርቅ ጠቅልሎ አወጣት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ እንጨቷ የተወለወለ። ጥይቷ የትንሽ ጣቴን ጫፍ አታክልም። ዳኛው ባዩ ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ "ይቺ ለመጫወቻ ናት!" አሉ። ሚሊሻው እንኳ ከንፈሩን ነከሰ። አባባ አልሳቁም፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

እኔ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ለምኜ፣ ጓሮ ካለው የቡና ጉቶ ላይ አስቀመጥኩ፤ ከኋላው ከፍ ያለ የአፈር ቁልል ነበር። ነጋዴው ማነጣጠሪያውን እንዴት እንደማይ፣ ትንፋሼን እንዴት እንደምይዝ ነገረኝ። የመጀመሪያው ጉቶውን መታ። ሁለተኛው ጣሳውን አሽቀንጥሮ ጣለው። ትከሻዬ ምንም አላለኝም! አንገቴን ሰበቅኩ፤ ልደብቀው አልችልም፣ እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። ድምፁ ግን እውነትም ትንሽ ነበር፤ ጧ! አለ፣ አንድ ጊዜ እንደ ማጨብጨብ።

"ተገዛች" አልኩ።

"ለእኔ ቀብር ልታጨበጭቢልኝ ነው?" አሉ አባባ። ወደ ሚዛን ስንመለስ ፊታቸውን አልሰጡኝም። አይሱዙው ጭቃ ይዞት ስንወርድ እንኳ እጄን ሳይይዙ ወረዱ።

ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ ብቻ ሆነ። ጠመንጃ ብለው ሊጠሯት አልፈቀዱም። "ያቺ የበቆሎ ጠመንጃሽ" ይላሉ። እኔ ከእርሻ ስመለስ ጣሳ ደርድሬ እለማመዳለሁ፤ እሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው "ጣሳ ገዳይ! ፎክሪ እንጂ!" ይሉኛል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "ምራቴ ጠመንጃ ገዛች፤ ትንኝ ሲመጣ ትጥልባታለች" እያሉ ያወራሉ። አንጀቴ ያርራል፤ ግን ልምምዱን አልተውኩም። ጣሳው ራቅ፣ ራቅ እያለ ሄደ። ኋላማ ገደሉ ግርጌ ያለችውን ነጭ ድንጋይ ከማማው ላይ ሆኜ መምታት ለመድኩ።

በቆሎው አሸተ። መንጋው እንደ ልማዱ በማለዳ ወረደ፤ ከፊት ያ አውራ። እኔ ማማው ላይ በቀሚሴ፣ በሻሼ፣ ባርኔጣ የለ ምን የለ። ቀና ብሎ አየኝ። ሴት ናት። መልሶ አጎነበሰና አንዱን አገዳ ሰበረ። ትንፋሼን ያዝኩ። ጧ!

አንዴ ዘሎ እዚያው ቀረ። የቀሩት ለጥቂት ጊዜ ድንዝዝ ብለው ቆሙ፤ ምን እንደ ሆነ አልገባቸውም። ከዚያ የሰማሁትን ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ገደሉ ላይ እየተደነቃቀፉ፣ ድንጋይ እያንከባለሉ፣ እናቲቱ ልጇን አንጠልጥላ... እኔም ደስታዬ ቶሎ ጠፋ፤ ሄጄ ሳየው እጁ የሰው እጅ ይመስላል። ብናደድበትም ቀበርኩት፤ ለጅብ አልተውኩትም።

በማግስቱም ወረዱ፤ ተርበዋል እንግዲህ። ነጯን ድንጋይ መታሁ፤ ጧ ስትል አገሩን እያናወጡ ሸሹ። ሌላ ዝንጀሮ መግደል አላስፈለገኝም። ድምፅዋን አወቋት። የሚሊሻውን ጠመንጃ ገደሉ ላይ ተቀምጠው ይሰሙታል፤ የእኔን ትንሽ ግን ገና ጧ ስትል ይተራመሳሉ። በዚያ ዓመት በቆሎው ሙሉ ለሙሉ ገባ። ጎተራው ሞልቶ ቤቱ ውስጥ ከመርኩ። መሬቴን ለእኩል ሊወስድ ያሰፈሰፈው ሰው ሰላምታ ነሳኝ።

አባባ እሸቱን ጠብሼ ስሰጣቸው፣ ጥርሳቸው ስለማይችል በቢላ ፈልፍለው በሉ።

"በቆሎው መልካም ነው" አሉ።

"ጠመንጃዋስ?"

"አትረባም።"

በቃ! ከዚህ በላይ ከእሳቸው አፍ አላወጣሁም። ዓመት አልፎ ዓመት መጣ፤ በቆሎ ገባ፣ ቡና ተለቀመ፤ "አትረባም" ግን እዚያው አለች። አንዳንዴ ዝም ብዬ እተዋለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ "የበሉት እኮ እሷ ያተረፈችውን ነው!" ብዬ እጮሃለሁ። እሳቸው ጆሯቸው አይሰማም የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ኋላ ታመሙ። ክረምቱን ሙሉ ተኝተው፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነው።

"ትተኩሺልኛለሽ?"

"እተኩሳለሁ አባባ።"

"በዚያችው?"

"ሌላ ምን አለኝ? በዚያችው።"

ረጅም ተነፈሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "እንግዲህ ገደሉ አይሰማም" አሉ። ከነቅሬታቸው በሳምንቱ ሞቱ፤ ያ ነው የቆጨኝ፣ ያ ነው ያናደደኝም። ሰው እንዲህ ግትር ይሆናል?

ለቀብሩ ጠመንጃዬን አንግቼ ሄድኩ። ሴቶቹ ጎሸም አደረጉኝ፤ አልሰማሁም። ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ ወንዶቹ ተሰልፈው ተኮሱላቸው፤ ሚሊሻው፣ ዳኛው፣ ከሩቅ ሰፈር የመጡትም። እግዜር ይስጣቸው፣ ጥይት አልሰሰቱም። ገደሉ ግን፣ ክረምቱ ሣር ስላለበሰው ነው መሰል፣ እንደ ባሌ ቀብር ጊዜ አልጮኸም፤ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ቀና ብዬ አየሁ። ያው ናቸው። መንጋው ጫፉ ላይ ተሰልፎ፣ ቅማሉን እየተለቃቀመ፣ የአባባን ቀብር ቁልቁል ያያል። እንደ ባሌ ቀብር ጊዜ፣ ምንም ሳይቀየር። ደሜ ፈላ።

ከሴቶቹ ሰልፍ ወጣሁ። ዳኛው ክንዳቸውን ዘርግተው "ሴት አትተኩስም፤ ወግ አይደለም" አሉኝ።

"ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። ወግ ካልሆነ ተነሥተው ይንገሩኝ" አልኳቸው። እጃቸውን አወረዱ።

ወደ ሰማይ መተኮስ አልችልበትም። ገደሉ ግርጌ ያለችውን ነጭ ድንጋይ አነጣጠርኩ። ጧ! አለች፤ ከዚያ ሁሉ ነጎድጓድ በኋላ አንድ ጭብጨባ። ከኋላዬ አንድ ሰው በጋቢው ውስጥ ሳቁን ሲያፍን ሰማሁት።

ከዚያ ገደሉ ጮኸ። መንጋው በአንድ ጊዜ ብድግ አለ፤ አዲሱ አውራ "ዋህ! ዋህ!" እያለ፣ ግልገሎቹ እየተንጫጩ፣ ድንጋዩ እየተንከባለለ፣ ጩኸቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ወደ እኛ ተመለሰ። አልቆም አለ። ለቀስተኛው ሙሾውን ትቶ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ቄሱ ጥናውን እንደያዙ ቆሙ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ጮኸላቸው" አለ ሚሊሻው ጎረቤቴ፣ ቀስ ብሎ።

እኔ ግን ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር። ጠመንጃዬን እንደያዝኩ ወደ አፈሩ ዞሬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ "ሰሙ አባባ? ይቺ ናት አትረባም ያሏት!" አልኳቸው። እንደ ልማዳቸው አልመለሱልኝም፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።